በአንድ መስመር ሁለት ስም

ልብስ ሰፊዋ ራሷን በራሷ የምታነጋግር ሴት መሆኗ የተነገራት ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ ነው። ስልኳ ከመስታወቱ ሥር ባለችው ጠባብ መደርደሪያ ላይ ተንቀጠቀጠና ሳሙናው ላይ ተንሸራተተ። አረፋውን ሳትተፋ አነበበችው። «ውድ መርፌ» ይላል፤ መርፌ በጨዋታው ውስጥ ያላት ስም ነው። «ከአንድ የኢንተርኔት መስመር መርፌ እና ጭልፊት የተባሉ ሁለት ስሞች በየቀኑ አብረው እንደሚገቡ፣ አብረው እንደሚወጡና እርስ በርሳቸው ብቻ እንደሚነጋገሩ ደርሰንበታል። አንድ ተጫዋች በሁለት ስም መጫወት በአዲሱ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ በኋላ የተከፈተው ስም፣ ማለትም መርፌ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ታግዷል። ዛሬ ቢሯችን ከመዘጋቱ በፊት ሁለት የተለያያችሁ ሰዎች መሆናችሁን ካላረጋገጣችሁ ስሙም ማሳውም ይሰረዛል። ደንቡ የወጣው ከቆዩ ተጫዋቾች በተቀበልነው አስተያየት መሠረት ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» አረፋውን ተፋችና እንደገና አነበበችው። ሁለተኛው ንባብ ባሰ፤ ያ ከቆየ ተጫዋች የተገኘ አስተያየት የማን እንደሆነ ታውቃለችና። የራሷ ነው።

ጨዋታው «ሸለቆው» ይባላል። ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። በኢንተርኔት ከየአቅጣጫው የሚገቡ ሰዎች እያንዳንዳቸው ቁራሽ መሬት ይዘው ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ገበያ ወጥተው ይሸጣሉ፣ ከምንጩ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሲደክማቸው አጥር ተደግፈው በጽሑፍ ያወራሉ። እሳትና መድፍ ያላቸው አዳዲስ ጨዋታዎች ሲመጡ ወጣቱ ነቅሎ ሄደና ሸለቆው ውስጥ የቀሩት ዓይናቸው የደከመ፣ ትዕግሥታቸው ግን ያላለቀ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ወር ድርጅቱ ለነዚህ ሰዎች «ምን ይሻሻል? ምን ይቅር? እናንተ ንገሩን» የሚል መልእክት ላከ። ልብስ ሰፊዋን ሰው አስተያየቷን ከጠየቃት ቆይቷል። ሥራ ቦታ አስተያየት የሚሰጡት ከላይ ያሉት ናቸው፤ ቤት ውስጥም የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ ጻፈች። አውቶቡስ ላይ ቆማ ጻፈች፣ በሻይ እረፍት ጻፈች፣ ድስት ጥዳ ጻፈች፤ ድስቱም አረረ። የዝናቡ ድምፅ እንዳይነካ፣ የምንጩ ወረፋ ሥርዓት እንዲይዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሥር አሥር ስም ይዘው ገበያውን ያጣበቡት ነጋዴዎች አንድ ነገር እንዲባሉ ጠየቀች። የጨረሰችውም «አንድ ሰው በአንድ ስሙ ይቁም» ብላ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጻፈቻት በኋላ ሁለት ሦስቴ ተመልሳ አንብባታለች። ድርጅቱም ወደዳት። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል፤ እሷ ግን አርቃ ቆፍራ አፈሩንም ጠርጋ ነው የሄደችው።

ጭልፊት የተባለችው ደግሞ ያን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ አልጋዋን እያነጠፈች ነበር። ታናሽ እህቷ ናት። ቤቱ የእናታቸው ነው፤ አንድ ኮሪደር፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት መኝታ ክፍሎች፣ አንድ ወጥ ቤትና ማንም የማይቀመጥበት የምግብ ጠረጴዛ አለው። እህትማማቾቹ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ሁለት የጨው ዕቃ አለ። የማቀዝቀዣው ላይኛው መደርደሪያ የታላቅየዋ፣ ታችኛው የታናሽየዋ ነው። አንዷ ኮሪደሩ ውስጥ ካለች ሌላዋ ክፍሏ በር ላይ ቆማ እስክታልፍ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ ማንም ተቀምጦ አልተዋዋለውም፤ ተዋውለው ከፈረሙት ውል ይልቅ ግን ይከበራል። ዘመድ ሊያስታርቃቸው በመጣ ጊዜ ሁለቱም በየክፍላቸው ሆነው «ኧረ እኛ ምን ተጣላን?» አሉ። ዘመድ ከየክፍሉ ሻይ ጠጥቶ፣ ሁለት ጊዜ መርቆ፣ ሄደ።

የተጣሉበት ነገር አንድ ነው። እናታቸው ያረፈችው ታላቅየዋ በምትሠራበት ሆስፒታል ተኝታ ነው። ታናሽየዋ ያን ቀን ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው መነጽር ቤት ሥራ ላይ ነበረች፤ ቢጠሯት ነጠላ ጫማም ቢሆን አጥልቃ በደረሰች። የተጠራችው ግን ካለቀ በኋላ ነው፤ ስትደርስ የእናቷ ፊት ተሸፍኖ ነበር። በቀብሩ ቀን ለእህቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ በማግስቱም፤ ከዚያም ወዲህ። ለምን አልጠራሽኝም ብላ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ታላቅየዋ አንድ ነገር በመለሰች። አልጠየቀቻትም። ሳይጠየቁ መመለስ ደግሞ ራስን መክሰስ ይመስላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው ቤት ሠራ።

ሸለቆው ውስጥ ቀድማ የገባችው ታናሽየዋ ናት። ታላቅየዋ በግድግዳው በኩል ማታ ማታ የዝናብ ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የእህቷ ክፍል ውስጥ ይዘንባል። ሥራ ቦታ ጠይቃ ጨዋታው መሆኑን ዐወቀች፣ ስልኳ ላይ አስጫነች፣ መርፌ ብላ ገባች፣ ስትፈልግ ስትፈልግ ከግድግዳው ወዲያ ዝናቡ ሲጀምር የሚገባ፣ ሲቆም የሚወጣ ስም ጭልፊት መሆኑን ደረሰችበትና ከማሳዋ አጠገብ ያለ ባዶ መሬት ያዘች። መጀመሪያ የጻፈችው «ጎረቤት፣ ሰላም ነው?» የሚል ነው። መልሱ ቆይቶ መጣ። «ሰላም። አጥርሽ ወደ እኔ ገብቷል።» አጥሯን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላወሩበት ምሽት የለም። ስለ አረም፣ ስለ ሱፍ ዋጋ፣ ስለ ምንጩ ወረፋ ያወራሉ። ጭልፊት «ጉንፋን ጥሎኛል» ብላ ስትጽፍ በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሁለቱም ወገን ባልሆነው ቦታ ላይ፣ ሎሚ ይገኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጭልፊት «አንዲት የማውቃት ሴትዮ በር ስትዘጋ ቤቱን ታናውጠዋለች» ብላ ጻፈች። ታላቅየዋ ከዚያ ወዲህ በር የምትዘጋው እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ነው። አንቺ ነሽ፣ እኔ ነኝ ተባብለው ግን አያውቁም። መርፌ ከተሰረዘች ታላቅየዋ የምታጣው የሽንኩርት ማሳ አይደለም። እህቷን ነው፤ ያለቻት እህት ያቺ የአጥር ላይዋ ብቻ ናት። ስሟ ስለታገደ እዚያ ገብታ «ጉድ ሆነናል» ብላ ልትጽፍላት እንኳ አትችልም።

ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመች። ዛሬ እነግራታለሁ ብላ ቆርጣለች። የታናሽየዋ በር ተከፈተና ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ብቅ አለች። ታላቅየዋ አፏን ከፈተች። ታናሽየዋ እንደ ደንቡ ወደ ኋላ አንድ ርምጃ ሸሸችና መንገድ ለቀቀችላት። መንገድ ሲለቀቅላት አላልፍም ብላ መገተር ነውር መሰላትና አለፈች። ያለፈችው ደግሞ እስከ ውጭው በር ነው፤ ደረጃውን ስትወርድ ነው ቁርስ እንዳልበላች ትዝ ያላት።

የሆስፒታሉ የልብስ ስፌት ክፍል ከልብስ እጥበቱ ጎን ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ከፍ ብሎ ጣሪያው ሥር ስለሆነ የሚታይበት የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ከእጥበት የወጣው ጨርቅ በተሽከርካሪ ጋሪ ይመጣል፤ መሐሉ የሳሳ አንሶላ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ የበሽተኛ ልብስ፣ ኪሱ በእስክሪብቶ የተቀደደ የሐኪም ጋውን። አንሶላ መሐሉ ሲሳሳ ለሁለት ይቀደድና ጠርዝና ጠርዙ ይሰፋል፤ የሳሳው ወደ ዳር ይወጣል፣ ደህናው መሐል ይገባል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተደረገ አንሶላ ወደ ትራስ ልብስ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ መወልወያ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሥራ ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው፤ የሐኪሞቹን ስም ታውቃለች፣ የምታውቀው ግን ኪሳቸው ላይ ከተጠለፈው ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደሞተ፣ ወደ ታች የሚወርድ ወሬ የለም። የሚወርደው ጨርቁ ነው፤ እሱም ታጥቦ።

የክፍሉ ኃላፊ ሻለቃ የምትባል ወፍራም ሴት ናት። ወታደር ቤት ደጃፍም ደርሳ አታውቅም፤ ስሙ የወጣላት ጋሪ ገፊዎቹን ስታዝዝ የሰማ ሁሉ ስለሚቆም ነው። በሻይ እረፍት ላይ ልብስ ሰፊዋ የድርጅቱን ቁጥር ደውላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትጠብቅ፣ ሻለቃ ወንበሯን አስጠግታ ያለ ኀፍረት ማዳመጥ ጀመረች። ስልኩ ውስጥ የማስጠበቂያ ዋሽንት ለረጅም ጊዜ ተነፋ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ገና ከጠዋቱ የደከመ አንዲት ልጅ አነሣች።

«ሁለት ሰው ነን፣ ልጄ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ናችሁ ብላችሁ ነው ያገዳችሁኝ።»

«ይቅርታ እማማ፣ እንደዚያ የሚሉን ብዙ ናቸው። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት?»

«አንድ ቤት ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እዚያ ላይ የምትነጋገሩት?» ልጅቷ ለነገር ብላ አይደለም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችው። «ለምሳሌ ይሄው፣ ‹ሥራ እንዴት ዋለ› ይላል፤ ‹እግሬ አብጧል› ይላል። በየቀኑ ነው። አጠገቡ ላለ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለማ። ለዚያ ነው አንድ ሰው ነው፣ ብቸኝነት ነው ያልነው።»

እውነቷን ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከልጅቷ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ያንኑ ትል ነበር። ልጅቷ ድምፅዋን አለሰለሰችና መፍትሔው ቀላል እንደሆነ አስረዳቻት። ማታ ከሥራ ሲገቡ ከዚያው ከቤቱ መስመር በምስል ይደውላሉ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሁለት መሆናቸው ይታያል፣ በቃ። አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ብቻ ይሁን። «ቀላል ነው» አለች ልብስ ሰፊዋም፤ ስልኩን ዘጋችው።

ሻለቃ ሻይዋን ፉት አለች። «እኔ እህትሽ ልሁንልሽ» አለች። «ማታ ቤትሽ መጥቼ ካጠገብሽ ቁጭ እላለሁ። እኔን አይቶ ሁለት ሰው አይደላችሁም የሚል አይገኝም፤ ብቻዬንም ሁለት እሞላለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሐሳቡን ግን ለአፍታ ከምር አሰበችበት። ከዚያ እህቷ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ከማይቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት ባዕድ ሴት የእሷን ቦታ ይዛ ስታይ ታያትና ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ በአፍሽ አትነግሪያትም?»

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«የእናንተስ ነቅዟል» አለች ሻለቃ፤ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች።

በምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደች። እንደማትገባ እያወቀች ነው የሄደችው። በዚያ መንገድ ከእናቷ ሞት ወዲህ አልፋበት አታውቅም፤ አውቶቡስ እንኳ ስትሳፈር አንድ ፌርማታ አልፋ ነው። ከመንገዱ ማዶ ከፍራፍሬ ሻጩ አጠገብ ቆማ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ታናሽየዋ ነጭ ጋውን ለብሳ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊት ጎንበስ ብላለች። ከባዱን የመሞከሪያ ክፈፍ አፍንጫቸው ላይ አድርጋ፣ ክብ ክብ መስታወቶቹን እያወጣች እየከተተች ትጠይቃለች። ድምፅዋ አይሰማም፤ ግን ከከንፈሯ ይነበባል። ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው? አሁንስ? አሁንስ? ሽማግሌው በጣታቸው ያመለክታሉ፣ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፣ እሷ ደግሞ ሳትሰለች ትመልስላቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ሰውን ስትጠይቅ ነው የምትውለው። ታላቅየዋ ይህን ስታይ ቅናት ይሁን ቁጣ ያላወቀችው ነገር ተሰማት። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይሻላል አይሻልም ብላ የምትጠይቅ ልጅ፣ እኔን አንዲት ጥያቄ ነፈገችኝ። ታናሽየዋ ድንገት ቀና አለች። አይታት እንደሆነ እንጃ፤ መስታወቱ ላይ የመንገዱ ብርሃን ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ ወደ ፍራፍሬው ዞራ ያልፈለገችውን ብርቱካን ዋጋ ጠየቀች፤ ሻጩ ሲነግራት «ጨምሯል» አለች፤ «ምን ያልጨመረ አለ» አላት። ሳትገዛ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እጇ ሥራ ላይ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ የሐኪም ጋውን ኪስ አፉን ሰፍታ ዘጋችው። ስልኳ ውስጥ የእህቷ ቁጥር አለ፤ ያልተደወለበት ቁጥር ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም። «ዛሬ ማታ ለአንድ ጉዳይ እፈልግሻለሁ» ብላ ጻፈች። የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰላትና አጠፋችው። «ጎረቤት» ብላ ጀመረች። ይህኛው ደግሞ እዚያ የሚባል ነው፤ እዚህ ሲሉት ያሳፍራል። እሱንም አጠፋችው። በየምሽቱ ሲነጋገሩ ኖረው እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አለማወቅ እንዴት ያለ ነገር ነው እያለች ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ቤት ስትገባ መብራት አልበራም ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያዋን ጣደች፣ ሳይፈላ አወረደችው። ታናሽየዋ መጣች፤ ቁልፉ፣ ካፖርቱ፣ ጫማው፣ ሁሉም በየተራው ተሰማ፤ በመጨረሻም የክፍሏ በር። ታላቅየዋ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ሰማች። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ። ታናሽየዋ ሸለቆው ውስጥ ገብታለች። በሌላው ቀን ዝናቡ መሐል የማጭድ ድምፅ፣ የባልዲ ድምፅ፣ መልእክት ሲገባ ደግሞ የምትጮኽ ትንሽ ደወል ትሰማ ነበር። ዛሬ ዝናቡ ብቻ ነው። ታናሽየዋ ምንም እየሠራች አይደለም፤ አጥሩ ጋ ቆማ እየጠበቀች ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህ ሲገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሚጠብቃት ሰው እንዳለ እያወቀች ነው ለካ ቀኑን ሙሉ ስትፈራ የዋለችው። አንኳኳች።

ዝናቡ ቆመ። በሩ በግማሽ ተከፈተ። ታናሽየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ከቅርብ ስታያት ሸብታለች። ታላቅየዋ ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀችውን ሁሉ ረሳችና ወዲያው ወደ ነገሩ ገባች።

«ድርጅቱ አንድ ሰው ናችሁ ብሎናል» አለች። «የኔን ስም አግደውታል። ዛሬ ሳይዘጋ ሁለት መሆናችንን ካላዩ ይሰርዙታል።»

ታናሽየዋ ማን፣ የቱ ድርጅት፣ የቱ ስም አላለችም። እንደዚያ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የበሩን እጀታ እንደያዘች «ይቅርብሽ ብዬሽ ነበር» አለች። «ያን አስተያየት አትጻፊ፣ ነጋዴውን ተዪው ብዬሽ አልነበር?»

ብላት ነበር። ግን ያለችው አጥሩ ላይ ነው። ጭልፊት ለመርፌ የጻፈችው ቃል እዚህ ኮሪደር ውስጥ፣ በእህቷ ድምፅ፣ በእህቷ ቁጣ ሲሰማ ታላቅየዋ ግድግዳውን ተደገፈች። «ብለሽኝ ነበር» አለች።

በምግብ ጠረጴዛው ተቀመጡ። ወንበሮቹ ከተቀመጡባቸው ዘመን ስለሆናቸው አቧራቸውን ታናሽየዋ በእጅጌዋ ጠረገች፤ የሁለቱንም። ኮምፒውተሯን አምጥታ ከፊታቸው አቆመች። ሥዕሉ ውስጥ ሁለቱም እንዲገቡ መጠጋጋት ነበረባቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ሊነካካ ሲል አንዳቸውም ከዚያ አልፈው አልተጠጉም፤ የታላቅየዋ ግራ ጆሮ ከሥዕሉ ውጭ ቀረ። ዋሽንቱ ተነፋ። ያቺው ልጅ ታየች፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ከኋላዋ ወንበር ጠረጴዛ ላይ እያወጣ የሚጠርግ ሰው። ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው።

«እሺ፣ ሁለት ፊት ይታየኛል። ዝምድናችሁን ልመዝግብ?»

«ጎረቤት ነን» አለች ታናሽየዋ።

ልጅቷ ወረቀቷን አየች፣ ወደ እነሱ አየች። «አድራሻው ግን አንድ ቤት ነው የሚለው።»

ታናሽየዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠለቀችው። «እህቴ ናት» አለች። «ታላቄ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጎን ለማየት አልደፈረችም። ሥዕሉ ላይ የራሷን ፊት አየችው፤ አንድ የሚያሳዝን ደስታ ሲያልፍበት አይታ አፈረችበት። ልጅቷ መዘገበችና አንድ ነገር ብቻ እንደቀረ ነገረቻቸው። ፎቶ አቁመው ሊያታልሏቸው የሞከሩ ስላሉ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ጥቂት መነጋገር አለባቸው። ድምፃቸው ሁለት መሆኑ እንዲታወቅ ነው። «ምንም ይሁን» አለች፤ «እንደ ሁልጊዜያችሁ።»

ታላቅየዋ ስለ ምን እንደሚያወሩ አሰበች፤ ሽንኩርት፣ ሱፍ፣ አረም፣ ወረፋ። በጣት የሚጻፈው ሁሉ በአፍ ሲሆን አልወጣ አላት። ግድግዳው ላይ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ልጅቷ ሰዓቷን እንዳታይ እየተጠነቀቀች አየች። «ጥድፊያ የለም» አለች፤ የተጣደፈች ግን እሷ ናት። ታላቅየዋ ‹ሥራ እንዴት ዋለ› ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ታናሽየዋ ወደ እህቷ አልዞረችም። ልጅቷን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እማዬ የሞተች ቀን ለምን አልጠራሽኝም?»

«በቂ ነው፣ ሁለት ድምፅ ነው» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል እየጻፈች። ምናልባት አልሰማችም፤ ምናልባትም ሰምታ ነው። «እገዳው ተነሥቷል፣ ስሙም ማሳውም እንደነበረ ነው። ዛሬ ስላገኛችሁት አገልግሎት አስተያየት ካላችሁ፣ ከአንድ እስከ አምስት...» ጠበቀች። የሚመልስላት ስታጣ «መልካም ምሽት» ብላ ጠፋች፤ ኮምፒውተሩ ላይም የሁለቱ ሴቶች ፊት ብቻ ጠቆር ብሎ ቀረ።

አሁን መልሱን የሚጠብቅ ባዕድ የለም። ታላቅየዋ መነሣት ትችል ነበር። ለዚህች ጥያቄ አራት ዓመት ስታዘጋጅ የኖረችው መልስ ሞልቶ ነበር። እናታችን ራሷ ከሥራዋ አታስነሷት ብላ ነው፤ ስልኬ ባትሪ ዘግቶ ነው፤ ነርሷ ነገ ትወጣለች ብላኝ ነው። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ እየቆየ እውነት የመሰላት ነው። ሌሊት ሌሊት ተኝታ ስትደረድራቸው እያንዳንዳቸው ጥሩ ይመስሉ ነበር። አሁን ግን እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ሊነካት ምንም ሳይቀረው፣ አንዳቸውም አልመጡላትም።

«የምትሞት አልመሰለኝም» አለች።

«ሆስፒታል ነው እኮ የምትሠሪው።» አለች ታናሽየዋ። «ሁሉም ያለው ያንኑ ነው። ከሷ በላይ ማን ያውቃል አሉኝ። እኔም እያወቀች ነው ያልጠራችኝ፣ እያወቀች ነው ብዬ...»

«አንሶላ ነው የምሰፋው» አለች ታላቅየዋ። «ምድር ቤት ቁጭ ብዬ አንሶላ ነው የምሰፋው። ለኔ ማን ምን ይነግረኛል?»

ታናሽየዋ ልትነሣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ነበር። እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።